የባለሻሹ አራተኛ ክፍል

የእህቴ ልጅ ሜሮን ሰሞኑን ምግብ አልበላ ብላለች። ታማ አይደለም፤ ፈተናም የለባትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጫወተው አንድ ጌም አለ፤ ዓመት ቆይቶ ዓመት ቆይቶ አዲስ ክፍል ይወጣለታል። አሁንም ሊወጣ ነው ተብሎ ነው ይሄ ሁሉ። ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ኔትወርክ የሚገኝባት አንዲት ማዕዘን አለች። እዚያች ላይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፤ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ የጌሙን ማስታወቂያ ቪዲዮ ለማውረድ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ ከወረደች በኋላ ደግሞ አሥር ጊዜ ታያታለች። አይታ ስትጨርስ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ጥፍሯን ትበላለች።

«አጎቴ፣ ካበላሹትስ?» አለችኝ ትናንት።

«ምኑን?»

«ታሪኩን ነዋ! ያ ልጅ ቢሞትስ? ወይ ደግሞ እስከ ዛሬ ያየነው ሁሉ ውሸት ነበር ቢሉንስ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባት ነበር። እናቷማ ሁልጊዜ ትስቅባታለች። እኔ ግን አልሳቅኩባትም። «ኧረ አያበላሹትም» አልኳትና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ዝም ብዬ የውሃውን በርሜል ክዳን ከፈትኩት፣ መልሼ ከደንኩት።

እኔም በእሷ ዕድሜ አካባቢ አንድ ጌም አራተኛው ክፍል እስኪወጣ ድረስ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። የእኔ ጭንቀት ግን ከእሷ ይለያል። እሷ የምትፈራው ሌሎች ሰዎች ታሪኩን እንዳያበላሹባት ነው። እኔ ታሪኩን ቀድሜ ያበላሸሁት ራሴ ነበርኩ።

በዚያ ዘመን የምኖረው ከሱዳን በአንድ ድልድይ በምትለየው መተማ ዮሐንስ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ሥራ የለኝም፤ ወሬ ግን ሞልቶኛል። ቀኑን የማሳልፈው እትዬ ሙሉ ራኩባ ውስጥ ነው። ራኩባ የምንለው በእንጨትና በሣር የተሠራ ዳስ ነው፤ ቃሉን ከሱዳኖቹ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። እትዬ ሙሉ ፍተሻ ለሚጠብቁ ሾፌሮች በረዶ የገባበት ከርከዴ ይሸጡ ነበር። ሚያዝያ ላይ መተማ ሲነድ የማታውቁ ሰዎች፣ ያንን ቀይ ከርከዴ አንድ ጊዜ መጎንጨት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በኋላ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን አስመጡ፤ ራኩባው ከዚያ ወዲያ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።

ከዲስኮቹ ሁሉ የተወደደው አንድ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ባለችው ጋላባት በኩል ተገልብጦ የመጣ ነው፤ ላዩ ላይ በእስክርቢቶ የተጫረ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ውስጡ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ አይደል፣ ዐረብኛ አይደል፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ረዥም ሰው ራሱ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ፣ ሰይፍ ይዞ በረሃ ለበረሃ ይሄዳል። ሽፍታ ይገጥመዋል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ይሄዳል። እኛ ስሙን ባለሻሹ አልነው።

የሚጫወተው ሐሚድ የሚባል በያጅ ጓደኛዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተሳቢ ብረት ሲበይድ ውሎ እጁ እንዴት እንደዚያ ይፈጥን እንደነበር ይገርመኛል። የእኔ ሥራ ደግሞ ማስረዳት ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ያስታውሳል፤ የሕንድ ፊልም በሚታይባቸው ቪዲዮ ቤቶች ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ የሚተርክ ሰው ነበር። ቋንቋውን ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እትዬ ሙሉ ይህንን ልማድ ወደ ጌም አመጡት።

«አስቻለው፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ለሰዉ ተርክለት» አሉኝ። «ዝም ብሎ ሲያይ ይሰለቸውና ተነሥቶ ይሄድብኛል።»

«እትዬ፣ እኔ የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው እኮ። ይሄን ፊደል አይቼውም አላውቅ።»

«ማን ሊያውቅብህ!»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላወቀብኝም። ጌሙ ሲጀምር ሁለት ልጆች የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ይታያሉ። አቧራ ይነሣል፤ አቧራው ሲያልፍ አንዱ ብቻ ቆሟል። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ በአቧራው ውስጥ ጠፋበት፤ ይኸው ባለሻሹ እሱን ፍለጋ ነው የሚንከራተተው» አልኩ። አላሰብኩበትም፤ አፌ ላይ መጣልኝ፣ ተናገርኩት። ሰዉ ሁሉ «ውይ!» አለ። ያች «ውይ» ደስ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ? ሽማግሌ በታየ ቁጥር «ታናሽህን ወደ ምዕራብ ሲሄድ አይቼዋለሁ ይለዋል» እላለሁ፤ ሴት በታየች ቁጥር «አንድ ጊዜ ውሃ አጠጥቼዋለሁ ትለዋለች» እላለሁ።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ሲደርስ ቆላው በሰው ይሞላል። ከጎጃሙም ከወሎውም ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣው ሠራተኛ ለቁጥር ያስቸግራል። እሑድ እሑድ ከየእርሻው ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ከርከዴያቸውን ይጠጣሉ፤ ጆንያ ላይ ተደርድረው ባለሻሹን ያያሉ። ከእነሱ መካከል ዋለልኝ የሚባል የአቸፈር ሰው ነበር። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ቀጭን ነው፤ ፎጣውን ከትከሻው አያወርድም። ሌላው ሲያጨበጭብ እሱ አያጨበጭብም። ከንፈሩን ነክሶ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

አንደኛው ክፍል ባለቀ በዓመቱ ሁለተኛው መጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ሦስተኛው። የሚገርመው ሁሉም ከመኸሩ ጋር ነበር የሚደርሱልን። ዋለልኝም በየዓመቱ ከአውቶቡስ እንደወረደ የሚመጣው ወደ ራኩባው ነው።

«ወንድም ዓለም፣ ባለሻሹ እንዴት ሆነ?» ይለኛል ገና ሳይቀመጥ። «አገሬ ስገባ ትልቅ ትንሹ ከቦኝ ይጠይቀኛል እኮ። እንዳልዋሻቸው አደራህን።»

እኔም እስቅ ነበር። ወይ እኔ!

ሦስተኛው ክፍል ያለቀው እንዲህ ነው። ባለሻሹ አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ከወዲያ ማዶ ጀርባውን የሰጠ ሰው ቆሟል። ባለሻሹ እጁን ያነሣል፤ ሥዕሉ ይጨልማል፤ ያ የማይነበብ ፊደል ይመጣል፤ አለቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይሄ ሁሉ ሰው አፌን ሲጠብቅ እንዴት ብዬ «እንጃ» ልበል? «ያ ታናሹ ነው! በአራተኛው ክፍል ይገናኛሉ» አልኩ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ዋለልኝ ቀረ። ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ፎጣውን እያጣጠፈ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጣጥፋል።

«የእኔው ስማቸው ይባላል» አለኝ።

«ማን?»

«ታናሼ። አራት ዓመቱ። በዚህችው ድልድይ ነው የተሻገረው። ገዳሪፍ እርሻ ላይ አየሁት ያለኝ አለ። ካርቱም ገብቷል ያለኝም አለ። የለም፣ አትድከም ያለኝም አለ።» ወደ ድልድዩ በኩል አየ። «በየዓመቱ ልሻገር ብዬ እመጣለሁ፤ እዚህ ስደርስ እግሬ ይታሰራል። ሞቶ ቢጠብቀኝስ እላለሁ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ሰሊጤን አጭጄ እመለሳለሁ። አሁን ግን ለራሴ ነግሬዋለሁ። እነዚህ በአራተኛው ከተገናኙ እኔም እሻገራለሁ። ካልተገናኙ… እንግዲህ ይበቃኛል፤ እናቴንም ቁርጧን እነግራታለሁ።»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ጋሼ፣ እኔ አንዲት ፊደል አላነበብኩም፣ ወንድም የሚባል ነገርም የለም፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «አይዞህ ጋሼ» ነው ያልኩት።

ያ ክረምት አላልፍ አለኝ። ዋልካው ርሶ መኪና እየዋጠ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ትንኙ ሰው ይበላል፤ እኔ ራኩባው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ አራተኛው ክፍል አስባለሁ። ሐሚድ የሚመኘው ባለሻሹ ፈረስ እንዲያገኝ ነበር፤ «ሦስት ክፍል ሙሉ በእግሩ! ይቺን ካላሰቡለትማ ምኑን አሰቡት?» ይላል። እትዬ ሙሉ የሚፈሩት አዲሱ ዲስክ በአሮጌው ማሽን አልሠራ እንዳይል ነው። እኔስ? እኔ የምፈራው ብዙ ነው። ታናሹ ቢሞትስ? ያ ጀርባውን የሰጠው ሰው ዞሮ ሽማግሌ ቢሆንስ? ሴት ብትሆንስ? ደግሞም ቢገናኙስ? ቢገናኙ ዋለልኝ ያለ ወረቀት፣ ያለ ቋንቋ፣ በማያውቀው አገር ሊገባ ነው። ባይገናኙ አንዲት እናት አቸፈር ላይ ተዝካር ልታወጣ ነው። ሁለቱም የእኔ አፍ ያመጣው ጣጣ ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች እኔ ያልኩትን ሰምተው ያስተካክሉልኝ ይመስል «እባካችሁ ወንድሙን አምጡለት» እያልኩ ለብቻዬ አወራ ነበር። ይባስ ብዬ ዲስኩ ጨርሶ እንዳይመጣ ለቅዱስ ዮሐንስ ሻማ ተሳልኩ። እንዲህ ያለ ስለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መጣ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከገዳሪፍ ይዞት መጣ። እትዬ ሙሉ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውት ሲገቡ አየሁ። ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል፤ ከሰነበተ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እርሻ ላይ ነው። እሑድ እስኪደርስ አምስት ቀን ቀረኝ። ቀድሜ ለብቻዬ ልየው ብዬ ለመንኳቸው። «ለሁሉም እኩል ነው!» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራኩባው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዋለልኝ ከፊት ተቀምጧል፤ ጸጉሩን ተስተካክሏል፤ ሸሚዙም ታጥቧል። ማሽኑ ዲስኩን ተቀበለው፤ እትዬ ሙሉ «ተመስገን!» አሉ። ሥዕሉ በራ። ከሥሩ ጽሑፍ መጣ።

እንግሊዝኛ ነበር።

የዚያን ቀን ላብ አልረሳውም። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማነበው ጽሑፍ ነው። ቃላቱም ቀላል ናቸው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያነባቸዋል። ሁለቱ ልጆች ጉድጓዱ አጠገብ ታዩ፤ አቧራው ተነሣ። ከሥር እንዲህ ይላል፦ «አባቴን ገድለህ በአቧራው ውስጥ ጠፋህ። የትም ብትገባ አገኝሃለሁ።»

ወንድሙ አይደለም። ኧረ ጭራሽ! ባለሻሹ ሦስት ክፍል ሙሉ የሚፈልገው ደመኛውን ነው፤ የሚፈልገውም ሊገድለው።

«ምን አለ? ምን አለ?» ይላል ሰዉ።

ዋለልኝን አየሁት። እንደ ልማዱ እኔን እያየ ነው።

«‹ወንድሜ ሆይ፣ የትም ብትገባ አገኝሃለሁ› አለ» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ በኋላ ሐሚድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተ፤ እኔም ሁለት ሰዓት ሙሉ እያነበብኩ ገለበጥኩ። ሦስቱን ክፍል የዋሸሁት ሳላውቅ ነበር፤ ይሄን ግን እያወቅሁ ነው። ምላሴ ደረቀ። ከርከዴ አምጡልኝ አልኩ፤ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

መጨረሻው ላይ ባለሻሹ የደረቀውን ወንዝ ተሻገረ። ያ ሰው ዞረ፤ ጢም ያበቀለ ጎልማሳ ነው። ባለሻሹ ሻሹን ከራሱ ላይ አውልቆ ጣለ፤ ሮጦ ሄዶ አነቀው፤ ሁለቱም በጉልበታቸው አሸዋው ላይ ወደቁ። የሚታዩት ከኋላ ነው። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ሰማይ ወጣ፤ አቧራው ሸፈናቸው። ከሥር «አበቃ» ይላል።

እኔም ጮህኩ፦ «ተቃቀፉ! ተገናኙ!»

የሆነውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ጆንያው ወደ ላይ ተወረወረ፤ እትዬ ሙሉ እልል አሉ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተሳሳመ። ሐሚድ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሰይፉንስ የት አደረገው?» አለኝ። «ጣለዋ!» አልኩት ተቆጥቼ። ዋለልኝ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እንደሚሻገር ሰማሁ። የሦስት ሳምንት ሥራ ገና ይቀረዋል፤ አሠሪው ቢለምነው አልሰማም አለ። ሮጬ ድልድዩ አጠገብ ደረስኩበት። ጋሪው፣ አህያው፣ ጀላቢያ የለበሰው ሱዳናዊ፣ ሁሉም ወዲህና ወዲያ ይላል። ዋለልኝ ማጭዱን ለአገሩ ሰው አደራ ሰጥቶ ባዶ እጁን ነው። ያን ጠዋት እንደነበረው ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቆይ እስቲ» አልኩት። «ያ ነገር እኮ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑን አጣሁት ብለህ ነው?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ዕድሌን ነው ያየሁበት።»

«አይ፣ እኔ ማለቴ… ምናልባት እኔ በደንብ አላነበብኩት ይሆናል።»

«አንተ? አንተማ ልብህ ንጹሕ ነው፤ በደንብ ነው ያነበብከው።» ትከሻዬን ያዘኝ። «አምስተኛው ሲመጣ ሦስታችን ነን የምናየው። ስማቸውን ከፊት ነው የማስቀምጠው፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ ትነግረዋለህ።»

ዋሽቼሃለሁ የምትለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥታለች። ተናግሬ ቢሆን ምናልባት ይመታኝ ነበር፤ ምናልባትም ያለቅስ ነበር፤ ምናልባትም ይመለስ ነበር። ከተማው ምን ይለኛል፣ እትዬ ሙሉ ምን ይሉኛል ብዬ ዋጥኳት። እውነቱ ይሄ ነው። ለእሱ አዝኜ አይደለም ዝም ያልኩት፤ ለስሜ ሳስቼ ነው። እሱ ከሰዉ ጋር ተቀላቅሎ ተሻገረ፤ አንድ ጊዜ ዞሮ እጁን አነሣልኝ።

አምስተኛው ክፍል በዓመቱ መጣ። እኔ አላስረዳም አልኩ፤ ታመምኩ ብዬ ቤቴ ተኛሁ። ለካስ መጨነቄም በከንቱ ነበር፤ ሰሪዎቹ ሌላ ጀግና፣ ሌላ አገር አምጥተው ባለሻሹን ረስተውት ነበር። ሐሚድ ሰድቧቸው አልጠገበም። ዋለልኝ በዚያ ዓመት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ማጭዱን አደራ የተቀበለውን ሰው አንድ ጊዜ አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። «እኛም የሰማነው የለም። እናትዮዋ ከአንድም ሁለት ልጅ ሄደብኝ እያለች ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱንም አላየሁት።

እኔ ኮርስ ወስጄ የመንግሥት ሥራ አገኘሁ፤ ወደ ገንዳ ውሃ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም «አስረዳን» ብሎኝ አያውቅም፤ ቢለኝም አልችልም። ሰው ሁሉ የማይጎዳ ትንሽ ውሸት የሚለው ነገር አለ። እኔ ሰው እስኪጎዳ ድረስ የእኔም ከዚያ ወገን ይመስለኝ ነበር። ሜሮን በጌም ሰሪዎቹ ላይ ስትበሳጭ የምነግራት አጣለሁ፤ እነሱ እኮ ቢያንስ መጨረሻውን አውቀው ነው ለሰው የሚሰጡት። እኔ ግን መጨረሻውን ሳላውቅ አንድ ሰው እጅ ላይ ሰጠሁት፤ ይዞት ሄደ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በመኪና መናኸሪያው በኩል አለፍኩ። በጥቅምት ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። ከአውቶቡስ የወረዱ ሠራተኞች አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። አነጋገራቸው የጎጃም ነው። ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸውና «ከአቸፈር ነው የመጣችሁት?» አልኩ። አዎ አሉኝ። «ዋለልኝ የሚባል ሰው፣ ቀጭን፣ ወደ ሱዳን የተሻገረ፣ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት ሰው ቆሏቸውን ትተው ቀና ብለው አዩኝ።

«አናውቀውም ልጄ። ምንህ ነው?»

«ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

«እግዜር ያገናኛችሁ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።